ቀዩ ነጥብ የት ገባ? ቪዲዮ ሲታመቅ ቀለሙ ለምን ይለወጣል?

የላቦራቶሪ መምህር የሆነ አንድ ወዳጄ ከጥቂት ጊዜ በፊት ለተማሪዎቹ አጭር ቪዲዮ አዘጋጅቶ ነበር። ቪዲዮው በማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ ካሜራ የተቀረጸ ሲሆን ጊምዛ በሚባለው ማቅለሚያ የተነከረ የደም ናሙና ያሳያል። በጊምዛ የተነከረ ናሙና ላይ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ የምንለየው በቀለሙ ነው። ክሮማቲኑ ማለትም ዲኤንኤውን የያዘው ክፍል ቀይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሳይቶፕላዝሙ ደግሞ ሰማያዊ ቀለበት ይመስላል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በአንድ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው፤ ሴሉ ራሱ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ነጥቡ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገምቱት።

ወዳጄ ፋይሉ በጣም ስለከበደበት አሳንሶ ለተማሪዎቹ ላከላቸው። በማግስቱ ኮምፒውተር ክፍል ገብተው ቪዲዮውን ሲከፍቱ አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ቀዩ ነጥብ የቱ ጋ ነው?»

ሄዶ ቢያይ እውነትም ቀይ ነጥብ የለም። ቦታው ላይ ደብዘዝ ያለ፣ ወደ ብርቱካናማ ያደላ ነገር አለ። ጎን ላይ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ሥዕሉን በሙሉ አመድ የነፉበት አስመስሎታል። በወዳጄ ላፕቶፕ ላይ ግን ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፋይሉ አንድ ነው፣ ቀለሙ ግን ሦስት ዓይነት ሆነ!

ቀልድ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ነገር ግን ቀይ ነጥቡን ሳያይ የተማረ ተማሪ ነገ ጤና ጣቢያ ገብቶ ናሙና የሚያይ ባለሙያ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል አይደለም፦ ቀለሙ የት ሄደ? ማንስ ወሰደው?

መጀመሪያ፣ ቪዲዮ ለምን ይታመቃል?

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ስክሪን ላይ የምታዩት ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ፉል ኤችዲ የምንለው ቪዲዮ ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ፒክስል አለው። ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ስለሆነ አንድ ባይት ይይዛል። ስለዚህ አንዲት ሥዕል ብቻዋን ከ6 ሚሊዮን ባይት በላይ ትወስዳለች።

ቪዲዮ ደግሞ የሥዕሎች ሰልፍ ነው። በሰከንድ 25 ሥዕል ካለፈ 155 ሜጋባይት ገደማ በየሰከንዱ ያስፈልጋል ማለት ነው። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ9 ጊጋባይት በላይ ሆነ! ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ቀርቶ ፍላሽ ላይ መገልበጥም ያታክታል።

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ያው ፉል ኤችዲ ቪዲዮ ግን ብዙ ጊዜ በሰከንድ 5 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃዋል። በደቂቃ ወደ 38 ሜጋባይት መሆኑ ነው። አካፍላችሁ እዩት፤ ወደ 250 እጥፍ ያህል ቀንሷል። ከ250 ብር 249ኙን ጥላችሁ በቀረችው አንድ ብር ያንኑ ዕቃ እንደመግዛት ነው። ታዲያ ይህ እንዴት ይቻላል?

ዓይናችን የሚሸወድበት ቦታ

የመጀመሪያው ዘዴ የተገኘው ኮምፒውተር ከመስፋፋቱ ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። በ1938 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዦርዥ ቫለንሲ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ አንድ ሐሳብ አስመዘገበ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የቀለም ቴሌቪዥን ሥርጭትን ለሁለት እንክፈለው አለ፤ አንደኛው ክፍል የብርሃን መጠንን ብቻ ይያዝ፣ ሌላኛው ቀለሙን። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ያለው ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ተቀብሎ ያያል፣ የቀለም ቴሌቪዥን ያለው ደግሞ ሁለቱንም።

ዛሬም የምናየው ቪዲዮ በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ መንገድ ነው የሚቀመጠው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚሉት ሦስት ቁጥሮች በሌላ ሦስት ይተካሉ። አንዱ ነጥቡ ምን ያህል እንደሚያበራ ይናገራል። የቀሩት ሁለቱ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቀይ ምን ያህል እንደሚያደላ ይናገራሉ።

ይህ ለምን ጠቀመ? ዓይናችን ብርሃንና ጥላን በደንብ ይለያል፤ አንድ ቀጭን ጥቁር ፀጉር ነጭ ሸሚዝ ላይ ወድቆ ወዲያው እናየዋለን። በቀለም ላይ ግን ይህን ያህል ጎበዝ አይደለም። ቀለም የምንለየው ዓይናችን ውስጥ ያሉ ሦስት ዓይነት ኮን የሚባሉ ሴሎች የላኩት መልእክት ሲነጻጸር ነው። ይህ ንጽጽር ጥቃቅን ነገሮች ላይ ሲደርስ ይደክማል።

መሐንዲሶቹም ይህችን ድክመት ተጠቀሙባት። የብርሃኑን ቁጥር ለእያንዳንዱ ፒክስል ያስቀምጣሉ። የቀለሙን ቁጥሮች ግን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጣሉ። ሁለት በሁለት ሆነው የተቀመጡ አራት ጎረቤታሞች ቀለማቸውን ይጋራሉ ማለት ነው። በዚህ ብቻ የፋይሉ መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ 4 ፒክስል 12 ቁጥር ይፈልግ የነበረው አሁን 4 የብርሃንና 2 የቀለም፣ በድምሩ 6 ቁጥር ይበቃዋል። ፊት፣ ሰማይ፣ ዛፍ ስታዩ ልዩነቱ አይታወቃችሁም።

አሁን ወደ ቀዩ ነጥባችን እንመለስ። በወዳጄ ቪዲዮ ላይ ነጥቡ ስፋቱ ሁለት ፒክስል ያህል ብቻ ነበር። በዙሪያው ያለው ሮዝማ ወይም ሰማያዊ ነው። አራቱ ጎረቤታሞች ቀለማቸውን ደባልቀው አንድ አማካይ ቀለም ሲያወጡ ቀዩ ነጥብ ብቻውን በብዙኃኑ ተዋጠ። እንግዲህ የመጀመሪያውን ሌባ ያዝነው!

ልብ የማይባለውን መጣል

ሁለተኛው ዘዴ ሥዕሉን ትናንሽ ካሬዎች ላይ መቆራረጥ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ለምሳሌ 8 በ8 ፒክስል ይሆናል። ከዚያ ካሬው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች በአንድ የሒሳብ ቀመር ወደ ሞገድ ይቀየራሉ። «ይህ ካሬ በጠቅላላው ምን ያህል ብሩህ ነው? ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ምን ያህል ይለወጣል? በፍጥነት ከፍ ዝቅ የሚል ዝርዝርስ ምን ያህል አለው?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡ ቁጥሮች ይወጣሉ።

ይህን ቀመር ያፈለቀው ናሲር አህመድ የሚባል የሕንድ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። በ1972 ለአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የምርምር ገንዘብ እንዲሰጠው አመልክቶ ነበር፤ አልተሰጠውም። እሱ ግን አልተወውም። ናታራጃንና ራኦ ከሚባሉ ባልደረቦቹ ጋር ሠርቶት በ1974 ታተመ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያሉት የጄፔግ ፎቶዎችና አብዛኞቹ ቪዲዮዎች በዚህ ቀመር ወይም በዘመዶቹ ላይ የቆሙ ናቸው።

ቀመሩ ራሱ ምንም አይጥልም። የሚጥለው ቀጥሎ የሚመጣው እርምጃ ነው። ቁጥሮቹ ይካፈሉና ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋሉ። ለምሳሌ 47ን ለ10 ካካፈላችሁ 4.7 ይመጣል፤ ሲጠጋጋ 5 ይሆናል። መልሳችሁ በ10 ስታባዙት 50 እንጂ 47 አይመጣም። 3ን ለ10 አካፍላችሁ ካጠጋጋችሁት ደግሞ 0 ነው፤ ጠፋ ማለት ነው። ጥቃቅን ዝርዝር የሚናገሩት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ትናንሽ ስለሆኑ በብዛት ዜሮ ይሆናሉ። የዜሮ መንጋ ደግሞ በጣም ጥቂት ቦታ ነው የሚይዘው። አካፋዩ በጨመረ ቁጥር ፋይሉ ይቀንሳል፣ ሥዕሉም ይደበዝዛል።

ሦስተኛው ዘዴ ጊዜን ይመለከታል። በሰከንድ ከሚያልፉት 25 ሥዕሎች አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ታዲያ ሁሉንም ከመጻፍ አንዱን ሙሉ ጽፎ ለቀጣዮቹ «ይህ ካሬ ከነበረበት 6 ፒክስል ወደ ቀኝ ሄዷል» ማለት ይቀላል። መምህሩ ስላይዱን ወደ ጎን ሲገፋ የደም ሴሎቹ በሙሉ አብረው ይንሸራተታሉ፤ ኮምፒውተሩም እንደ አዲስ አይስላቸውም፣ ያንሸራትታቸዋል እንጂ። በሰፊው የሚታወቀው በ2003 የወጣው ኤች 264 የሚባለው የአስተሻሸግ ዘዴ እነዚህን ሦስቱንም ይጠቀማል።

ያው ቁጥር፣ የተለያየ ንባብ

እስካሁን ያየነው ዝርዝር እንዴት እንደሚጠፋ ነው። ግን ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ለምን ዞረ? አንዱ ኮምፒውተር ላይስ ሥዕሉ ለምን አመድ መሰለ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የመታመቁ አይደለም፤ የንባቡ ነው።

ውጭ አገር ላለ ዘመዳችሁ «ነገ በ3 ሰዓት እደውላለሁ» ብላችሁ ጻፋችሁለት እንበል። እናንተ ያላችሁት ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ እሱ ግን በፈረንጅ ሰዓት አንብቦት ከቀትር በኋላ ይጠብቃል። 3 የሚለው ቁጥር አልተሳሳተም። የጎደለው «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚለው መለያ ነው። የቪዲዮ ቀለምም ልክ እንደዚህ ነው። ቢያንስ አራት ነገሮች ላይ መለያ ያስፈልገዋል።

አንደኛው የቅየራው ቀመር ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ወደ ብርሃን ስንቀይር እያንዳንዱ የተለያየ ድርሻ አለው። ለድሮው ቴሌቪዥን የተደነገገው 601 የሚባለው ደረጃ ለቀይ 0.299፣ ለአረንጓዴ 0.587፣ ለሰማያዊ 0.114 ይሰጣል። ለኤችዲ የተደነገገው 709 ደግሞ 0.2126፣ 0.7152 እና 0.0722 ይላል። በ601 የተጻፈ ቪዲዮ በ709 ቢነበብስ? አስልቼው ነበር። ንጹሑ ቀይ 255፣ 0፣ 0 የነበረው 255፣ 25፣ 0 ሆኖ ይወጣል፤ አረንጓዴ ስለገባበት ወደ ብርቱካናማ ያደላል። ንጹሑ አረንጓዴ ደግሞ ከ255 ወደ 215 ወርዶ ይጠቁራል።

የወዳጄ ችግር ይኸው ነበር። የማይክሮስኮፑ ካሜራ 640 በ480 የሆነ ቪዲዮ ነው የሚሠራው፤ ቀመሩም 601 ነው። እሱ ሥዕሉን ወደ 1280 በ720 አሳደገው እንጂ ቀመሩን አልቀየረም፣ መለያም አልጻፈም። መለያ ያላገኘ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ከስፋቱ ተነስቶ ይገምታል፦ «ይህ ትልቅ ነው፣ እንግዲያው ኤችዲ ነው፣ በ709 ላንብበው።» የእሱ ላፕቶፕ በአጋጣሚ ልክ ገመተ፤ የተማሪዎቹ ኮምፒውተር ግን ተሳሳተ።

ሁለተኛው የቁጥሩ ዳርቻ ነው። ኮምፒውተር ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ይላል። በቪዲዮ ዓለም ግን በልማድ ጥቁር 16፣ ነጭ 235 ነው። ከቪዲዮ የመጣው 16 እንዳለ ስክሪን ላይ ከወጣ ጥቁር መሆን የነበረበት ግራጫ ይሆናል፣ ነጩም ይፈዝዛል። አመድ የተነፋበት የመሰለው ኮምፒውተር ችግር ይህ ነው። በተቃራኒው ከሆነም መዘዝ አለው፤ ከ16 በታች ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር፣ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ ድፍን ነጭ ይሆንና በእነዚህ ሁለት ዳርቻዎች ላይ የነበረው ዝርዝር ይዋጣል።

ሦስተኛው ጋማ ይባላል። 128 የ255 ግማሽ ስለሆነ ግማሽ ብርሃን ይሰጣል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሸወዳችሁ። ጋማው 2.2 በሆነ ስክሪን ላይ 128 የሚሰጠው ከሙሉው ብርሃን 22 በመቶ ያህሉን ነው። ጋማው 1.8 ከሆነ 29 በመቶ፣ 2.4 ከሆነ ደግሞ 19 በመቶ ይሆናል። የማክ ኮምፒውተሮች እስከ 2009 ድረስ መነሻቸው 1.8 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው ከሌሎቹ ጋር 2.2 ላይ የተገናኙት። በዚያን ዘመን ማክ ላይ የተስተካከለ ቪዲዮ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጠቆር የሚለው ለዚህ ነበር።

አራተኛው ራሱ ስክሪኑ ነው። «ሙሉ ቀይ» ሲባል የትኛው ቀይ? በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ኤስአርጂቢ የሚባል የጋራ ደረጃ አቀረቡ። የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው መነሻ ከ709 ጋር አንድ ነው። አዳዲስ ስልኮችና ላፕቶፖች ግን ፒ3 የሚባለውን ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ያሳያሉ፤ የእነሱ ቀይ ይበልጥ የጠለቀ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን አውቆ ካላስተካከለ የፊት ቀለም በፀሐይ የተቃጠለ ይመስላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን የሠራነው አምስት ነገር ነው። የእናንተንም ቪዲዮ ሊጠቅም ይችላል።

መጀመሪያ ወደ ኦሪጅናሉ ፋይል ተመለስን። አንዴ የታመቀን ቪዲዮ እንደገና ማመቅ ፎቶ ኮፒን ፎቶ ኮፒ እንደማድረግ ነው፤ በየዙሩ የሆነ ነገር ይቀራል።

ቀጥሎ ቀረጻውን ደገምነው። በማይክሮስኮፑ ከፍ ያለ ማጉያ ተጠቀምንና ሁለት ፒክስል የነበረው ነጥብ ስምንት ፒክስል ሆነ። አሁን አራት ጎረቤታሞች ቀለም ቢጋሩም ነጥቡ ወደ ጎን አራት የራሱ የቀለም ቁጥር አለው፣ ስለዚህ አይዋጥም። ቪዲዮውን በሶፍትዌር ብቻ ማሳደግ ግን ይህን ጥቅም አይሰጥም፤ ያልተቀረጸ ዝርዝር ከየት ይመጣል?

ሦስተኛ፣ ኤፍኤፍምፔግ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ቀመሩን ከ601 ወደ 709 በትክክል ቀየርነውና መለያዎቹን ጻፍን። ልብ በሉ፣ መለያውን መጻፍና ቁጥሩን መቀየር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሐበሻ ሰዓት የጻፋችሁትን 3 ሳትነኩ «በፈረንጅ» የሚል ብትጨምሩበት ስህተቱን አጸናችሁት እንጂ አላረማችሁትም።

አራተኛ፣ የጥራቱን መጠን ዝቅ ከማድረግ ተቆጠብን። ኤች 264ን በሚሠራው በሰፊው በሚታወቀው ነጻ ፕሮግራም ላይ ጥራቱ ከ0 እስከ 51 ባለ ቁጥር ይወሰናል። ካልነካችሁት 23 ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። በ6 ስትቀንሱት ፋይሉ በግምት እጥፍ ይሆናል። እኛ 18 ላይ አቆምነው። ፋይሉ ጨመረ፣ ግን ይወርዳል።

አምስተኛ፣ በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ለአምስት ሰከንድ የሚቆይ መፈተሻ ጨመርን፦ ንጹሕ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እንዲሁም ከጥቁር እስከ ነጭ የሚሄድ ደረጃ። ተማሪው ቀዩ ብርቱካናማ ሆኖ ካየው ወይም ጥቁሩ ግራጫ ከሆነበት «ችግሩ ከኮምፒውተሬ ነው» ብሎ ሌላ ማጫወቻ ይሞክራል። ስክሪኑን ሁሉ ማስተካከል አንችልም፤ መሳሳቱን እንዲያውቅ ማድረግ ግን እንችላለን።

እናንተም ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ፣ በሰማያዊ ወረቀት ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ በጣም ደቃቅ ፊደል ጻፉ። ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከራቅ ብላችሁ በስልክ ቅረጹ። ከዚያ ለጓደኛችሁ በቴሌግራም አንድ ጊዜ እንደ ቪዲዮ፣ አንድ ጊዜ እንደ ፋይል ላኩለት። እንደ ቪዲዮ ስትልኩት መተግበሪያው እንደገና ሊያምቀው ይችላል፤ እንደ ፋይል ሲሄድ ግን እንዳለ ይደርሳል። የትኛው ጽሑፍ ቀድሞ ተደበላለቀ? የቀይና የሰማያዊው ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ወዳጄ አዲሱን ቪዲዮ በሚቀጥለው ሳምንት አሳየ። ያቺው ተማሪ ስክሪኑ ላይ ጣቷን አሳርፋ «ይሄ ነው፣ አገኘሁት» አለች። እሱም ደስ ብሎት አንድ ነገር ጨመረላት፤ «ቪዲዮው ምን እንደምትፈልጊ ያሳይሻል። የሰው ውጤት ስትጽፊ ግን ዓይንሽን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጊ። እዚያ ላይ ማንም ቀለም አይጥልብሽም።»